ሳሚያ ፊቷን ያዞረች ዕለት

ጥቅምት 4 ቀን 2008

ማሽኑ ተበላሽቷል አሉ። የሚጠግነው ሰው ከዱባይ ነው የሚመጣው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሱዓድ ለዶክተር ሙሰዓብ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ ግን አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ አየሁት። ወንድሜ፣ አባቷ፣ ሲናደድ እንዲሁ ነበር።

በመርፌ ወስደው አዲስ አበባ የላኩት ሥጋ መልሱ ከመጣ ሰነበተ። የጡት ነቀርሳ ነው። አሁን የቀረው እስከየት እንደሄደ ማወቅ ነው፤ ኤም አር አይ የሚሉት ማሽን የሰውነትን ውስጥ ይሥላል፣ ያንን ያሳያል። በጡቱ ውስጥ ብቻ ከሆነ ዶክተሩ ራሱ እዚሁ ሀርጌሳ ቆርጦ ያወጣዋል። አልፎ ከሄደ ግን ቢላ አላነሳም አለ። ይህን በሶማሊኛ ነገረኝ፣ ዓይኔን እያየ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሱዓድ ብትሆን ግማሹን ታስቀርብኝ ነበር።

እኔ አልፈራሁም። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ከዚህ በኋላ የሚፈራው ምኑ ነው?

ጥቅምት 7

ዋሄን ገበያ ሱቄ ዋልኩ። አንድ ቀሚስና ሁለት ሻሽ ሸጥኩ። ፊት ለፊታችን ፎቅ እየተሠራ ነው፣ የሲሚንቶው አቧራ ነጭ ሻሾቼን ሁሉ አጎደፋቸው። በዚህ ከተማ ሁሉም ይሠራል፣ ማንም አይጠርግም።

ከላይኛው ገመድ ልብስ ላወርድ ስል ቀኝ ክንዴ እምቢ አለ። ሀዎ አየችኝ። የሀዎ ሱቅ ከኔ ጎን ነው፤ ሙጫ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ትሸጣለች።

«አባዮ፣ ክንድሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለታቸው ነው።

«ምንም።»

«ምንም የሚባለው በሽታ ስንቱን ቀበረ» አለች፤ እሷው ወጥታ አወረደችልኝ።

በጦርነቱ ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሀዎ በእግሯ ወጥታ፣ በመጨረሻ ድሬዳዋ ግቢያችን ደረሰች። ያንጊዜ ከቤቷ የተረፋት የለበሰችው ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት አብረን በላን፤ አማርኛዋ የኛው ግቢ አማርኛ ነው። ከዚያ ተመለሰች፤ ፍርስራሽ ላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ አደረገች። እኔም ወንድሜ ሲሞት ሱዓድን ይዤ ስመጣ ይህን ቦታ ያስለቀቀችልኝ እሷ ነች። እንግዲህ እኩል ሆነናል። ማንም ለማንም ውለታ የለበትም።

ከቅጠሉ ሌላ ሕመምተኛ በጋለ ብረት ትተኩሳለች። ወገብ ያመመው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ እብጠት ያለበት ሁሉ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ቤቷ ይሄዳል። ሐኪም ቤት ሳይኖር ይህን ከተማ ማን ያከመው ይመስላቸዋል?

ጥቅምት 12

ማሽኑ ገና ነው። ሱዓድ ከቢሮ ሦስት ጊዜ ደወለች። «በላሽ? ተኛሽ? መድኃኒቱን ዋጥሽ?» ጠባቂ እንጂ ልጅ አልመሰለችኝም።

አንዲት ደንበኛ ለጓደኛዋ «የሐበሻዋ ሴትዮ ከሳች» ስትል ሰማሁ። ሶማሊኛ የማልሰማ መሰላት። በሻሹ ዋጋ ላይ ጨመርኩባት።

ጥቅምት 13

እብጠቱ ጡንቻ ውስጥ ያለ ድንጋይ ይመስላል። ዛሬ ትላንት ከነበረው ያደገ መሰለኝ። ወይስ እጄ ነው እየፈለገ የሚያገኘው? እነሱ ሰው ከዱባይ ይጠብቃሉ፤ እሱ ማንን ይጠብቃል?

ጥቅምት 15

ሀዎ ነይ አለችኝ፣ ቤቷ ሄድኩ። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለም።

ማታ። እጽፈዋለሁ። ብረቱ ቀጭን ነው፣ የሹራብ መሥሪያ ያክላል። ከሰል ውስጥ እስኪቀላ አቆየችው። ትንፋሼን ያዝኩ። እብጠቱን ከበበችው፣ ከዚያ ወደ ብብቴ ሄደች። ድምፅ አላወጣሁም። ያለቀሰችው እሷ ነች፣ ብረቱን ጥላ ጥግ ሄዳ። እኔ ደግሞ «ምን ያስለቅስሻል፣ ቆዳው የኔ ነው» አልኳት።

ማር ቀባችልኝ። «ለልጅቱ ንገሪያት» አለችኝ ስወጣ።

ምን ብዬ ልንገራት?

ጥቅምት 18

ይመግላል። ሱዓድ ወደ ቢሮ ስትወጣ ጠብቄ በጨው ውኃ አጥባለሁ፣ ጨርቁን እቀብራለሁ። በራሴ ቤት ሌባ ሆንኩ።

ልንገራት እልና የሾፌሩ ልጅ ትዝ ይለኛል። አምና ሱዓድ መሥሪያ ቤት ያለው ሾፌር ሕፃኑን ሆዱን አስተኩሶት፣ ቁስሉ ተመርዞ ሞተበት። የተኮሰችው ሌላ ሴት ነች፣ ሀዎ አይደለችም። ሱዓድ ያን ማታ እራት ሳትበላ «እኔ ብሆን ፖሊስ ጣቢያ ጎትቼ ነበር የምወስዳት» አለች። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ነች። እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኳት።

ሀዎን ጎትቶ የሚወስድ ሰው ከቤቴ አይወጣም።

ጥቅምት 24

ማሽኑ ተሠራ። ነገ ጠዋት።

ሱዓድ ዛሬ ፀጉሬን ሹሩባ ልትሠራኝ ፈለገች። ራሴ ያመኛል አልኩ። ጠጋ ብላ እንዳታሸተኝ ነው፤ ማሩም ቁስሉም ይሸታል።

ጥቅምት 25

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው።

ክፍሉ ብርድ ነው። ሳሚያ የምትባል ሠራተኛ ተቀበለችኝ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ኤዶ ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት። ጉትቻዬን፣ የፀጉሬን ማስያዣ፣ ያንገቴን ክታብ አስወለቀችኝ። ክታቡን ለሱዓድ ሰጠኋት። የወርቅ ጥርሴን አሳየኋትና «ይህን በምን ታወልቂዋለሽ?» አልኳት።

«እሱ ይቆይ ኤዶ፣ ማሽኑ የሚስበው ብረት ነው፣ ወርቅ አይወድም» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። በሰውነትሽ ውስጥ ብረት አለ? የለም። ብረቱ ገብቶ ወጥቷል፤ የለም ማለት እውነት ነው። ኦፕራሲዮን ሆነሻል? አልሆንኩም። ጡትሽ ላይ ቁስል አለ? ሱዓድ አጠገቤ ቆማ ክታቤን በመዳፏ ይዛለች። የለም አልኩ።

ሱዓድን አስወጧት። ከፊት የሚከፈት ነጭ ልብስ ሰጡኝ። አልጋው ላይ በሆድ ነው የሚተኛው፤ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ጡት በዚያ ይገባል። ሳሚያ ልታስተካክልልኝ እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት።

«ልጄ፣ ከባሌ በቀር ሰውነቴን ያየ የለም። እኔ ራሴ አስገባለሁ።»

ውሸት ነው፤ ዶክተሩም በነሐሴ አይቶኛል። ግን የእናትን ቃል የምታከብር ልጅ ነች። ይቅርታ ኤዶ አለች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጨረስኩ» እስክላት ድረስ አልዞረችም። ስትዞር እኔ በሆዴ ተኝቻለሁ፣ የሚታየው ጀርባዬ ብቻ ነው።

እንዳትንቀሳቀሺ አለችኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ሰካች፤ ኋላ በሱ በኩል ቀለም ይገባል፣ በሽታው ቀለሙን ይጠጣና በሥዕሉ ላይ ያበራል አለች። እጄ ላይ የምጨምቃት ነገር ሰጠችኝ፣ ከፈራሁ እንድጠራት። አልጨመቅኳትም። ድምፁ መንገድ የሚቆፍር መኪና ይመስላል። ሲቆም ደግሞ የባሰ ነው፤ የራሴን ልብ ሰማሁ። ቀለሙ ሲገባ ብርድ በክንዴ ሽቅብ ሮጠ። ቁስሉ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተጫነ፣ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሳሚያ ስታስነሳኝ ፊቴን አይታ «አመመሽ?» አለች። «በሆድ ተኝተሽ ብታይው ታውቂዋለሽ» አልኳት።

ሱዓድ ውጪ ቆማ ነበር። ክታቡን ከመጨበጧ ብዛት በመዳፏ ላይ ታትሟል።

ጥቅምት 28

ሥዕሉን የሚያነበው ሐኪም እዚህ የለም፤ በኢንተርኔት ይልኩለታል፣ እሱ ካለበት አንብቦ ይመልሳል። ዛሬ ዶክተር ሙሰዓብ ለሱዓድ ደወለላት። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ጠየቀችኝ።

«ጡትሽ ቀልቷል ወይ ይላል።»

«ቀልቷል።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«መቼ ጀመረ?»

«በዚህ ወር።»

ሦስቱንም እውነት መለስኩ። ልይሽ ቢለኝ ግን አልፈቅድም፣ አንድ ጊዜ አይቶኛል ይበቃል አልኩ። ሱዓድ ለሱ ስትነግረው ድምፅዋ ወረደ። ለምን እንደወረደ አልገባኝም።

ኅዳር 1

ውጤቱ መጣ። ሱዓድ «ደህና ነው፣ ትንሽ ሕክምና ያስፈልገዋል» አለችኝና ኩሽና ገባች። የታጠበ ሳህን ደግማ ስታጥብ አየኋት።

ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ነች። የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች፣ እኔ ካርባ አምስት ካለፈኝ በኋላ። «ሀ»ን ስስት ጣቴን በማስመሪያ ትመታኝ ነበር፤ አሁን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቅብኛለች። እንግሊዝኛ ነው፣ ብታሳየኝስ ምን አነበው ነበር?

ኅዳር 2

ከድሬዳዋ ወንድሟ አቡበከር ደወለላት። በረንዳ ላይ ሆና፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ቆዳውን ይዞታል አሉ፣ የጡቱ ቆዳ በሙሉ ወፍሯል፣ ያበራል። ብብቷ ውስጥም እንዲሁ። በጣም የሚቸኩለው ዓይነት ነው አሉ። … አይሆንም አቡኪ፣ ኦፕራሲዮን አይሆንም። ዶክተሩ አዲስ አበባም ብትወስጃት ተስፋው ትንሽ ነው፣ ይልቅ ከዘመድ ጋር ትሁን አለኝ። … አታውቅም። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ። በሩን አልነካሁም።

ቆዳውን ይዞታል።

ኅዳር 3

ሌሊቱን ስለዚያ ቃል ሳስብ ነጋ። የያዘው ነቀርሳው ነው ወይስ ሀዎ? ያ ሐኪም እዚያ ማዶ ተቀምጦ የሚያየው ሥዕል ብቻ ነው፤ ቀልቷል፣ ይሞቃል፣ በዚህ ወር ነው የጀመረው ብለውታል። የተሳሳተው አነባበቡ አይደለም። እኔ ነኝ ያልነበረ ፊደል የጨመርኩበት።

ወይስ ተሳስቻለሁ? ምናልባት እውነትም ቆዳውን ይዞታል፣ እኔ ሀዎ ላይ ማሳበብ ፈልጌ ነው። ብናገርና ያው ቢሆንስ? ሀዎን በከንቱ አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው።

ኅዳር 5

ሱዓድ ወደ ድሬዳዋ ልትወስደኝ ነው። «አየር ትለውጫለሽ፣ አቡኪም ናፍቆሻል» አለች። በመኪና እስከ ድንበሩ፣ እስከ ወጃሌ፣ ከዚያ በጅጅጋ። ሐሙስ።

ሰው አየር ሊለውጥ መከፈኛውን አይዝም። ሻንጣው ውስጥ ከልብሴ ሥር ነጭ አቡጀዲ አገኘሁ። እንዳይታይ በፎጣ ጠቅልላዋለች። መልሼ ጠቀለልኩት። አጣጠፏ ጥሩ አልነበረም፣ አስተካከልኩላት።

ኅዳር 6

ሱቁን ለሀዎ አደራ ሰጥቼ ተሰናበትኳት። ሐኪሞቹ ቆዳውን ይዞታል እንዳሉ ነገርኳት። ሙጫ እየለቀመች ነበር፣ እጇ ቆመ። ሞኝ አይደለችም፣ ወዲያው ገባት።

«ሳሊሃ፣ ንገሪያት።»

«ፖሊስ ታመጣብሻለች።»

«ታምጣ። ከተማው ሙሉ ሲፈርስ ያልሞትኩ፣ በፖሊስ እሞታለሁ?»

«ስምሽን አላነሳም።»

«ስሜን አንሺ» አለችኝ። «ካላነሳሽ እኔ እመጣለሁ።»

አትመጣም። ጉልበቷ ደረጃችንን አይወጣም።

ኅዳር 8

ነገ ነው ጉዞው። ከሰዓት በኋላ ሱዓድ ውኃ አሞቀች። ለመንገድ ፀጉሬን ልታጥብልኝ፣ ሂናም ልትቀባኝ። ራሴን ያመኛል አልኩ። «ሁልጊዜ ራስሽን ነው የሚያምሽ» አለች፣ ጆጉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ። የቢሮ ልብሷን አልቀየረችም፣ እጅጌዋ ረጥቧል። ልጅ ሆና ሳጥባት እንዲሁ እምቢ ስትል እንዴት እጮህባት እንደነበረ ትዝ አለኝ። እሷ አልጮኸችም።

ስለሀዎ የማወራው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ላይ አልመጣም። ስለዚህ የለበስኩትን ባቲ የሚሉትን ሰፊ የቤት ቀሚስ ከትከሻዬ ለቀቅኩት፣ ወደቀ።

ውኃው ሲፈስ ሰማሁ። ጆጉ ከእጇ አልወደቀም፣ አዘንብላው ቀርታ ነው። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀርባ በጣቷ የቁስሉን ዙሪያ ተከተለችው፣ ሳትነካው፣ ፊደል ስታስጽፈኝ እንደምታደርገው።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ከማሽኑ በፊት።»

«በፊት?»

«ማሽኑ ሲጠገን።»

ተቀመጠች፣ እርጥቡ ወለል ላይ፣ ከቢሮ ልብሷ ጋር። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች መለየት አልቻልኩም። «አክስቴ፣ እኔ ከፈን ገዝቼልሻለሁ እኮ» አለች።

«አይቼዋለሁ። ጠባብ ነው» አልኳት።

ኅዳር 9

ወጃሌ አልሄድንም። ዶክተር ሙሰዓብ ዘንድ ሄድን። አሳየሁት። ብዙ ሰው አይቶ የደከመ ፊት ነው ያሳየኝ፣ ቁጣ አይደለም። ከቆዳው ትንሽ በምላጭ ወስዶ ለምርመራ ላከ። «ቁስልና ነቀርሳ በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይነት ሊያበሩ ይችላሉ» አለ። በመገለ ቆዳ ላይ ቢላ አይገባም፤ መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ እንደገና ማሽን።

«እስከዚያ ግን እብጠቱ አይጠብቀንም፣ እናቴ። ይህን ወር ከየት እንደምናመጣው አላውቅም» አለኝ።

የት እንደሄደ እኔ አውቃለሁ።

ኅዳር 10

ሱዓድ ሀዎ ቤት ሄደች። አትሂጂ አልኳት፣ በሩን ዘግታው ወጣች። መስኮት ላይ ቆሜ የፖሊስ መኪና ስጠብቅ ዋልኩ። አስፓልቱ ላይ ያለፈው ሲሚንቶ የጫነ መኪና ብቻ ነበር።

ለመግሪብ ሶላት ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሁለት ጊዜ መልሳሻለች» አለችኝ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ማሽኑ ይምጣ፣ ሐኪሞቹ ይዩሽ ብላሻለች። በሦስተኛው እግሯ ላይ ወድቀሽ ነው የለመንሻት። ‹ድሬዳዋ ያጎረስኩሽን መልሺ› ብለሻታል።»

ሀዎ ይህን ማለት አልነበረባትም።

«ፖሊስስ?» አልኳት።

«ማንን ላስይዝ፣ አክስቴ? አንቺን?»

ኅዳር 19

የቆዳው ምርመራ መጣ። ነቀርሳ የለበትም። ሱዓድ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግታ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እያሳየች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ብብቱ ግን አልታወቀም፤ ያበጠው ከቁስሉ ይሁን ከሌላው ማሽኑ ነው የሚለየው።

ኅዳር 27

ቅርፊቱ እየተላጠ ነው። ሱዓድ ጠዋትና ማታ ራሷ ታጥበዋለች። እጇ ከባድ ነው፣ ነርስ አትሆንም ነበር። ነገርኳት። «አንቺም ጎበዝ ተማሪ አልነበርሽም» አለችኝ።

እብጠቱን መንካት ከልክላኛለች። ስትወጣ እነካዋለሁ። አደገ? አላደገም? ዛሬም አላወቅኩም።

ሀዎ ጋ አልሄድኩም። ምን ብዬ?

ታኅሣሥ 14

እንደገና ማሽኑ። ያው ብርድ፣ ያቺው ሳሚያ። ስለቁስሉ ነግረዋታል፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ በሷ የፈረዱ መስሏታል። ልብሱን ስከፍት ግን ወደ ግድግዳ አልዞረችም።

«ኤዶ፣ ዛሬ አያለሁ።»

«እዪ» አልኳት። «ያን ቀን ያዞርኩሽ እኔ ነኝ። ለአለቆችሽም እንዲሁ ብያቸዋለሁ።»

በሁለት እጇ አስተካከለችኝ፣ እጇ በረዶ ነበር። የምጨምቃትን ሰጠችኝ። መሐል ላይ ጨመቅኳት። ድምፁ ቆመ፣ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንሽ?» ምንም አልኳት፤ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው።

ታኅሣሥ 18

ቆዳው ነፅቷል። እብጠቱ በቦታው አለ፣ ትንሽ ጨምሯል። ብብቴ ውስጥ ያበጡት ሁሉ ጠፍተዋል፣ ከአንዷ በቀር። አንዷ ፍሬ ታበራለች።

ዶክተር ሙሰዓብ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ጡቱንም ፍሬዋንም። ከዚያ ለመድኃኒቱ አዲስ አበባ። ያቺ ፍሬ በጥቅምትም ታበራ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በጥቅምት ሁሉም ያበራ ስለነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ።

ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህን ቃል ለምሕረት ነው የተናገረው። እኔ ግን እንደዚያ አልተቀበልኩትም።

ታኅሣሥ 25

ሐኪም ቤት፣ ጠዋት። በኮሪደሩ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ሱዓድ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። ክታቤ እንደገና እሷ ዘንድ ነው።

«ፈርተሻል?» አለችኝ።

«አልፈራሁም።»

«እኔ ፈርቻለሁ።»

«አንቺ ምን ሆነሽ፣ ቢላው ለኔ ነው» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ፈርቻለሁ አልኳት። ሰምታ እንደሆነ አላውቅም፤ እጄን ግን ያዘችው፣ አሁን በአንድ እጅ ነው ደብተሩን የያዝኩት።

ሀዎ መጥታለች። ከበሩ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ከአሕመድ ዳጋህ በምን መጣች? አትገባም፣ አትሄድምም። ሱዓድ አየቻት። ወደኔ ዞረች፣ እጇን ለቀቅኩላት። ተነስታ ሄደች፣ በክንዷ ደግፋ ይዛት እየመጣች ነው።

ስሜን ጠሩ። ወንበሩ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። ተነሳሁላቸው።